ጅቡ ሲናገርና ጅቡ ሲጠና

ጥያቄ፦ የ3ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ «መጽሐፍ ላይ ካለ እውነት ነው» ይላሉ። ልብ ወለድን ከእውነተኛ ጽሑፍ እንዲለዩ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሚያውቁት ይጀምሩ። «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት» የሚሉ ልጆች ወደ ፈጠራ ዓለም መግባታቸውን ያውቃሉ። የሚቸገሩት ጽሑፉ ይህን ምልክት ሳይሰጣቸው ሲቀር ነው።

ስለ ጅብ ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ያንብቡላቸው። በአንዱ ጅብ ከአህያ ጋር ይሟገት፤ በሌላው ባለነጠብጣቧ ሴት ጅብ ከወንዱ እንደምትገዝፍ ይነገር። ከዚያ «የቱ ነው እውነቱ?» ሳይሆን «ይህን በምን እናጣራለን?» ብለው ይጠይቁ። የሴቷን ግዝፈት ላያምኑ ይችላሉ። ትምህርቱም እዚያ ላይ ነው፦ የሚያስገርም ሁሉ ፈጠራ አይደለም።

ቀጥለው ግልባጩን ያሳዩ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነግረን ጎጃም በካርታ ላይ አለ፤ መጽሐፉ ግን ልብ ወለድ ነው። የእውነተኛ ቦታ ስም ታሪኩን እውነተኛ አያደርገውም።

በመጨረሻም እያንዳንዱ ልጅ ስለ ቤቱ ድመት አምስት ያየውን፣ አምስት የፈጠረውን ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ጓደኛው ይለይለት። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ ተረትን «ውሸት» አይበሉት። ውሸታም ሊያታልል ይፈልጋል፤ ተራኪ ግን ፈጠራ መሆኑን አስቀድሞ ያሳውቃል።