ጄኔሬተርን ከሲሊንደር ጋዝ ጋር ማገናኘት፦ በየካ ዳገት ላይ ለምትኖሩ

አዲስ አበባ የከተማ ጋዝ መስመር የላትም። ጄኔሬተሩን በጋዝ ማስነሳት የሚፈልግ ሰው መስመሩን የሚስበው ግቢው ውስጥ ካቆመው ሲሊንደር ነው። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት ክልክል በሆነበት ከተማ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በቤንዚንም በጋዝም የሚሠራ ጄኔሬተር ካላችሁ የቀረው ቱቦው ነው።

ከቱቦው በፊት ግን ስሌት አለ። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከ3 በመቶ በላይ ጉልበት ያጣል፤ ኮተቤና ካራ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትርን አልፈዋል። ጋዝ ራሱ ከቤንዚን 10 በመቶ ያህል ያንሳል። «5 ኪሎዋት» ተብሎ የተሸጠላችሁ ማሽን እዚህ ከ3 ብዙም አይዘልም። ፍሪጅ፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ይችላል። የእንጀራ ምጣድን እርሱት።

ሲሊንደሩ ከቤት ውጪ፣ አየር በሚያገኝበት ጥላ፣ ቀጥ ብሎ ይቁም። ቦታውን ስትመርጡ ዳገቱን አስቡ። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ስለሚከብዱ ያፈተለከ ጋዝ ቁልቁል ይወርዳል። በየካ ግቢዎች ብዙ ጊዜ ዋናው ቤት ከላይ፣ ሰርቪሱ ከታች ነው፤ ሲሊንደሩ ከላይ ከቆመ ጋዙ ደረጃውን ወርዶ ሰው የተኛበት ክፍል ይገባል። ከሰርቪሱም ከፍሳሽ ጉድጓድም የራቀ ጥግ ፈልጉ። ጄኔሬተሩ ከሲሊንደሩ 3 ሜትር፣ ከመስኮት 6 ሜትር ይራቅ፤ በሞተሩ ጭስ ውስጥ ያለው፣ የከሰል ጭስ የሚገድልበት ያው ጋዝ ነው።

አሁን ወደሚያናድደው። ሞተሩ ይነሳል፣ በባዶው ደህና ይሠራል፤ ፍሪጁ ሲገባበት ተንተፋትፎ ይጠፋል። መካኒክ ይጠራል፣ ካንዴላ ይቀየራል፣ ካርቡሬተር ይፈታል። የመጀመሪያው ምክንያት ግን ያለው ሲሊንደሩ አናት ላይ፣ ሬጉሌተሩ ውስጥ ነው። 3 ኪሎዋት የሚያወጣ ሞተር በሰዓት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ጋዝ ይበላል፤ የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ለምድጃ የሚሸጠው ሬጉሌተር ይህን ላይችል ይችላል። ጀርባው ላይ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚያሳልፍ ተጽፏል፤ ሳታነቡ አትግዙ። «ሬጉሌተሩን አውጥተህ በቀጥታ አገናኘው» የሚል ባለሙያ ከመጣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ቱቦውም ያንቃል። ግማሽ ኢንች መዳብ እስከ 10 ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ ሦስት አራተኛ አድርጉት። ክርናቸው የበዛ መስመሮችን እኔ አልወድም፤ መዳቡን በማጠፊያ ቀስ ብሎ ማጠፍ ይሻላል።

ሦስተኛው ምክንያት ብርድ ነው። ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ሙቀት የሚወስደው ከሲሊንደሩ አካል ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አንድ ባለ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ጄኔሬተር ሲጎትተው ታችኛው ግማሹ በረዶ ይለብሳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ጋዙ ሳያልቅ ያለቀ ይመስላል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ሲወርዱ የሸሹት ይህንኑ ብርድ ነበር፤ እናንተ ግን ሲሊንደሩን ይዛችሁ የትም አትወርዱም። ሁለት ሲሊንደር ባንድ መስመር አገናኙና ሁለቱንም አንድ ላይ ክፈቱ፤ እያንዳንዱ ግማሹን ስለሚሰጥ ያን ያህል አይቀዘቅዝም። የማይመልስ ቫልቭ በእያንዳንዱ ይግባ። በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ማሞቅ፣ በፍጹም!

የቀረው ቀላል ነው፦ ቱቦውን በግድግዳ ላይ በማሰሪያ ማሰር፣ በሁለቱም ጫፍ መዝጊያ መግጠም፣ ለጥርሶቹ የውሃውን ሳይሆን የጋዙን ቴፍሎን መጠቅለል። ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥ መጨረሻው ላይ ለጋዝ የተሠራ ጎማ ይግባ፤ መዳቡ በቀጥታ ከተገጠመ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

ጋዝ ከመክፈታችሁ በፊት፣ ሬጉሌተሩንና ሞተሩን ነጥላችሁ፣ ቱቦውን በአየር ሙሉና የግፊት መለኪያው መርፌ እንዳይወርድ ተመልከቱ። በምሽት አድርጉት፤ የጠዋት ፀሐይ ቱቦውን ስታሞቀው መርፌው ከፍ ይልና ፍሳሹን ይደብቃል። ከዚያ ጋዙን ከፍታችሁ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ከተነፋ ዝጉ፣ ፍቱ፣ እንደገና ግጠሙ። ክብሪት አይሞከርም።

የኤሌክትሪኩን ማቀያየሪያ ፈቃድ ላለው ባለሙያ ተዉት፤ ያለ ማቀያየሪያው ከቤታችሁ የወጣው ኃይል ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይመታል። ስታጠፉም ጭነቱን ነቅላችሁ መጀመሪያ ሲሊንደሩን ዝጉ፤ ሞተሩ ቱቦው ውስጥ የቀረውን በልቶ ራሱ ይጥፋ።