«ሜሮን»፦ የቃሉ ትርጉምና ምንጭ



ልጆችን ለምሥጢረ ሜሮን ስናዘጋጅ ዘወትር የሚያነሡልን አንድ ጥያቄ አለ፤ «የምንቀባው ዘይት ነው ወይስ ሽቱ?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን አሳስተን ብንሰጥ ምሥጢሩን ከመድኃኒት ወይም ከክታብ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ስለዚህ ከቃሉ እንነሣ።

ሀ. የቃሉ ምንጭ

«ሜሮን» በግሪክ ቋንቋ መዓዛ ያለውን፣ ከልዩ ልዩ ሽቱ ጋር የተዋሐደ ቅባት ያመለክታል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ማርያም የጌታን እግር የቀባችበት የናርዶስ ሽቱ በግሪኩ የተጠራው በዚሁ ቃል ነው። በቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ግእዝ ገብቶ ዛሬ የአማርኛችንም ቃል ሆኗል።

ከእርሱ ጋር የሚቀራረቡ የራሳችን ቃላት አሉ። «ሽቱ» ከ«ሸተተ» የወጣ ሲሆን መልካም ሽታ ያለውን ሁሉ ይጠቀልላል። «አፈው» በግእዝ ለሽቱና ለቅመማ ቅመም የሚነገር ነው። «ቅመም» ከ«ቀመመ» ይመጣል፤ ለክቶ መቀላቀልን ያሳያል። ድብልቅ መድኃኒት የሚያዘጋጀውን «መድኃኒት ቀማሚ» የምንለው ስለዚህ ነው። «ዕጣን» ግን ከ«ዐጠነ» ወጥቶ የሚጤሰውን ሙጫ ይጠራል። እንግዲህ ዕጣን ይጤሳል፣ ሜሮን ይቀባል፤ ዕጣን ከአንድ ዛፍ ይገኛል፣ ሜሮን ይቀመማል።

ለ. በመጽሐፍ ቅዱስ

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 እግዚአብሔር ለሙሴ የቅብዐቱን ልክ ነግሮታል፤ ከርቤ 500 ሰቅል፣ ቀረፋ 250፣ የጠጅ ሣር 250፣ ብርጉድ 500፣ በዚህም ላይ አንድ ኢን የወይራ ዘይት። ሽቱው ብቻ 1500 ሰቅል ይሆናል። ኦሪትን ወደ ግሪክ የመለሱት ሊቃውንት ይህንንም «ሜሮን» ብለውታል። ሕጉ ያንን ቅመም ለራስ መሥራትንም ሆነ በሌላ ሰው ላይ ማፍሰስን ከልክሏል። ሽታው ያማረ ስለ ሆነ ሳይሆን ለእግዚአብሔር የተለየ ስለ ሆነ ነው።

ሐ. በቤተ ክርስቲያን

በ1990 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ቀኖና ሕግ በቁጥር 693 ሜሮን ከወይራ ወይም ከሌላ ተክል ዘይትና ከሽቱ እንዲዘጋጅ፣ የሚያዘጋጀውም ጳጳስ ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ለፓትርያርኩ የተጠበቀበትም ልማድ አለ። በቅዱስ ቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም ስም በሚታወቀው ጥንታዊ ትምህርት እንደ ተገለጸው፣ መንፈስ ቅዱስ ከተጠራበት በኋላ ሜሮን ተራ ቅባት አይደለም። ኀይሉ ከመንፈስ ቅዱስ እንጂ ከሽታው አይደለም።

መ. በእኛ አካባቢ

በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እናቶቻችን ጋኑን በወይራ ጢስ ሲያጥኑ ጠላው መዓዛውን ይወስዳል፤ ጢሱ ቢያልፍም ሽታው በጋኑ ይቀራል። በምሥጢረ ሜሮን የሚሰጠው ማኅተምም እንዲሁ አይደገምም፣ አይፋቅም። ይሁን እንጂ ምሳሌው ምሳሌ ብቻ መሆኑን ለልጆች እንንገራቸው። የደጋችን ወይራ ዘይት ለሚጨመቅበት ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ፍሬው ግን ትንሽ ስለ ሆነ ለዘይት አይውልም።

ሁለት ነገር እንጠንቀቅ። አንደኛ፣ «ለታመመብኝ ልጅ ትንሽ ሜሮን ስጡኝ» የሚል ቢመጣ አናሳፍረው፤ ነገር ግን ለሕሙማን ቤተ ክርስቲያን ምሥጢረ ቀንዲልን እንዳዘጋጀች አስረድተን ወደ ካህኑ እንምራው። ሁለተኛ፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን ጎረቤት ቡና አፍልቶ ዕጣን ሲያጤስ ለእንግዳው አክብሮቱን መግለጡ ነው። ይህን ባዕድ አምልኮ ብለን ብንነቅፍ ወዳጅነትን እናፈርሳለን። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 2 የክርስቶስ መዓዛ ብሎ የጠራው እኛን ነው፤ ጎረቤታችን ከእኛ የሚጠብቀውም ይህንኑ መዓዛ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሜሮንና ዕጣን በምን ይለያያሉ?
2. በኦሪት ቅዱሱ ቅመም ለግል ጥቅም የተከለከለው ለምንድን ነው?
3. ሜሮን የተቀባ ሰው በጎረቤቱ ዘንድ በምን ይታወቃል?