ስለ አዲስ ተሽከርካሪ የሞተር ዘይት አመራረጥና አለዋወጥ

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ሰው የሚያመላልሱት ሚኒባሶች፣ በየከተሞቹም ውስጥ የሚሯሯጡት ባጃጆች፣ በብድር ወይም በዕቁብ የተገዙ የቤተ ሰብ ጥሪት የሆኑባቸው ብዙ ቤቶች አሉ። ከኛም መካከል ከእንዲህ ያለው ገቢ የሚማር አይጠፋም። ሞተሩ የነከሰ እንደ ሆነ ገቢው ይቆማል፤ ብድሩ ግን አይቆምም። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ የመጡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሞተር ዘይት ስለማያሻቸው ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም።

ዘይት ብረትን ከብረት ይለያል፤ ሙቀት ይቀበላል፤ ጥላሸቱንም ተሸክሞ ይዞራል። በዕቃው ላይ 5ደብሊው-30 ወይም 15ደብሊው-40 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። «ደብሊው» የክረምት ምልክት ነው፤ ክረምት ሲባል ግን የፈረንጆቹ በረዶ እንጂ የኛ ዝናም አይደለም። የፊተኛው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈስሳል፤ የኋለኛው ሞተሩ ሲሞቅ፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የሚኖረውን ውፍረት ይናገራል።

«ወፍራም ዘይት ሞተር ያጠነክራል» የሚባለው ለአዲስ ሞተር አይሠራም። 15ደብሊው የሚባለው ዘይት ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ብርድ ሞተር እንዲያስነሣ የተመዘነ ስለ ሆነ የሱሉልታ የኅዳር ውርጭ አያሸንፈውም። አዲሱ መኪና ቀጭን ዘይት የሚጠይቀው እንግዲህ በኛ ብርድ ምክንያት አይደለም። የዘይቱ መተላለፊያዎች ጠባብ ሆነው ስለ ተሠሩ፣ በብዙዎቹም የቫልቩን ጊዜ የሚያስተካክለው መሣሪያ በዘይት ግፊት ስለሚሠራ ነው። ስለዚህ ሻጩን ከመጠየቅ በፊት ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ማንበብ ይገባል። ከውፍረቱም ሌላ በኤፒአይ ደረጃ «ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ «ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው።

ባጃጅ የራሱ ጠባይ አለው። ፍሪሲዮኑ በዚያው በሞተሩ ዘይት ውስጥ ይጠመቃል፤ ስለዚህ ማንሸራተቻ የተጨመረበት የአውቶሞቢል ዘይት ቢሞላበት ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ለእንዲህ ያለው «ጃሶ ኤምኤ» የሚል የጃፓን ደረጃ የተጻፈበት ዘይት ይፈለጋል።

መቼ ይለወጥ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ልክ ይሰጣል፤ አንዱ ለተራ፣ ሌላው ለከባድ አገልግሎት። ለተራው 10,000 ኪሎ ሜትር ቢል ለከባዱ 5,000 ሊል ይችላል። ባለ መኪናው «እኔ ድንጋይ አልጭንም» ብሎ የፊተኛውን ይወስዳል። ነገር ግን ከባድ የሚያሰኘው ጭነት ብቻ አይደለም። አቧራ፣ ዳገት፣ ተራ እየጠበቁ ሞተር ሳያጠፉ መቆም፣ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ አጭር መንገድ፣ ይህ ሁሉ ይቈጠራል። በአጭር መንገድ ዘይቱ ውስጥ የገባው የውሃ እንፋሎትና ነዳጅ ሳይተን እዚያው ይቀራል። ተሳፋሪ ጭኖ ከአዲስ አበባ ወደ ሱሉልታ እንጦጦን የሚወጣ፣ ወይም በቡራዩ የውስጥ መንገድ አቧራ የሚጠጣ መኪና ከባድ አገልግሎት ላይ ነው። ኪሎ ሜትር ቈጣሪው ቆሞ የነደደውን ሰዓት አይመዘግብም። የዘይቱም መጥቆር ምስክር አይሆንም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ በጥቂት ቀን ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን መያዙ ሥራው ነውና። የመጀመሪያው ለውጥ በባጃጅና በሞተር ብስክሌት ቀደም ይላል፤ አዲሶቹ ብረቶች ሲላመዱ ብናኝ ይለቃሉና።

ሲለወጥ ሞተሩ ለብ ብሎ፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ይሁን፤ ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። የድሮው ፊልትሮ ጎማ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ከቀረ አዲሱ ያፈስሳል። ከሞሉ በኋላ ሞተሩን ጥቂት አስነሥቶ አጥፍቶ፣ ዘይቱ እስኪወርድ ታግሦ በመለኪያው ዘንግ ማየት ነው። ከልኩ በላይ መሙላትም ይጎዳል። ደረሰኙን ቀንና ኪሎ ሜትር ጽፎ ማስቀመጥ ለዋስትና ይጠቅማል። ባዶውን ዕቃ መብሳት ደግሞ ሐሰተኛ ዘይት የሚሞላበትን ሰው መንገድ ይዘጋል።

የወጣውን ዘይት ቦይ ውስጥ መድፋት ግን ነውር ነው። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ አንዱ ክፍል ከቡራዩ አጠገብ ካለው ከገፈርሳ ግድብ ይመጣል። አሮጌው ዘይት ክዳን ባለው ጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ይሰጥ።