በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፤ ካላዛርና ኤችአይቪ

በእርሻ ወራት ብዙ ጎልማሳ ከደጋ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሰሊጥ እርሻ ይወርዳል። ሲያርምና ሲያጭድ ሰንብቶ የሚያድረው ሜዳ ላይ ነው። የአሸዋ ዝንብ የምትባለውም ከዋልካው መሬት ስንጥቅና ከግራሩ ሥር እየወጣች በሌሊት ትነድፈዋለች፤ የካላዛርን ተሕዋስ የምታስተላልፍ እርሷ ናት።

ይህ ተሕዋስ የሚራባው ባዕድ ነገርን እየዋጡ ሊያጠፉ በተሠሩት ሕዋሳት፥ ማለት በዘበኞቹ ውስጥ ነው። ጤነኛ ሰው ሳይታመም ይዞት ሊኖር ይችላል። ኤችአይቪ ግን የዘበኞቹን አዛዦች ያጠፋልና በሽታው ይነሣል፤ ትኩሳት፥ መክሳት፥ የጣፊያ ማበጥ ይከተላል። ካላዛርም በፈንታው ኤችአይቪን ያባብሳል። ታክሞ የዳነ የመሰለው ደጋግሞ ይወድቃል፤ ያልታከመውም ይሞታል።

ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለምሥራቅ አፍሪካ ሕሙማን ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢና ሚልቴፎሲን በአንድነት እንዲሰጡ መክሯል፤ የኤችአይቪውም ሕክምና ጎን ለጎን ይቀጥላል።

እንግዲህ ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ቢያልፍ «ወባ ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ የሁለቱም ምርመራ ይደረግለት። ሰሊጡ የውጭ ምንዛሪ ሲያስገኝ፥ አራሚው ጣፊያው አብጦ ለመሞት ወደ መንደሩ ሊመለስ አይገባውም።