ልምምዱ ይክበድ፣ ግጥሚያው ይቅለል

እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ዩጋንዳ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለፈችበት የክሪኬት ቲ20 ዓለም ዋንጫ፣ በጉያና ፕሮቪደንስ ስታዲየም ፓፑዋ ኒው ጊኒን ገጠመች። ከወርዋሪዎቿ አንዱ ፍራንክ ንሱቡጋ ነበር፤ ዕድሜው 43። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ስፖርተኛ ማሊያውን ሰቅሎ ስለ ድሮው ያወራል። ንሱቡጋ 24 ኳስ ወረወረ፤ ከዚያ ሁሉ ኳስ ተጋጣሚዎቹ ያገኙት 4 ራን ብቻ ነው። ሁለት መቺዎችንም ከሜዳ አስወጣ። ዩጋንዳ ያን ዕለት በዓለም ዋንጫው የመጀመሪያ ድሏን አገኘች።

ንሱቡጋ ዝግ ያለ፣ መሬት ሲነካ የሚዞር ኳስ ነው የሚጥለው። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ኳሱን መቺው የማይወደው ቦታ ላይ ያሳርፋል፣ ከዚያ እንደገና እዚያው ያሳርፋል፣ ከዚያም እንደገና። እኔን በጣም የሚያበረታኝ ይህ ነው። ቁመት አልተሰጠኝም፣ ጉልበት የለኝም፣ ጊዜው አልፎብኛል ለምትሉ ሁሉ፣ ይህ ችሎታ በልምምድ ብቻ የሚገኝ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ወርዋሪው 20 ሜትር ገደማ ርቀው ወደቆሙ ሦስት እንጨቶች ይወረውራል፤ መቺው እንጨቶቹን በመምቻው ይጠብቃል፤ ከተመቱበት ከሜዳ ይወጣል። ከመታ በኋላ ከጓደኛው ጋር ሮጠው ቦታ ሲለዋወጡ አንድ ራን ይቆጠራል። ኳሱ መሬት ነክቶ ከሜዳው ጠርዝ ካለፈ 4፣ በአየር ካለፈ 6 ነው። ስድስት ኳስ አንድ ኦቨር ይባላል፤ በቲ20 እያንዳንዱ ቡድን 20 ኦቨር፣ ማለትም 120 ኳስ አለው። ለዛሬ ይህ ይበቃናል።

አሁን ወደ ልምምዱ። ብዙ ተጫዋች ሲለማመድ ደስ የሚለውን ይደጋግማል፤ የሚችለውን ምት ይመታል፣ ላቡን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ላብ ሁሉ ግን ዕድገት አያመጣም። ዶናልድ ብራድማን በአውስትራሊያዋ ባውራል ከተማ ልጅ ሳለ የጎልፍ ኳስ ከቤታቸው የውኃ ማጠራቀሚያ ሥር ካለው ግንብ ጋር እያጋጨ፣ ስትመለስ በአንዲት ቀጭን የክሪኬት እንጨት ይመታት ነበር። ኳሷ ትንሽ ናት፣ አመላለሷ ፈጣን ነው፣ ወዴት እንደምትፈናጠር አይታወቅም። ያ ልጅ አድጎ ሰፊውን መምቻ ይዞ ሜዳ ሲገባ ጨዋታው ቀለለው። ለቀናት በሚዘልቀው ቴስት ክሪኬት አማካይ የራን ውጤቱ 99.94 ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የሚጠሩት ታላላቅ መቺዎች አማካይ በ60 ዙሪያ ነው።

እናንተም ቀጭን ዱላ፣ የቴኒስ ኳስና ሸካራ ግድግዳ ካላችሁ የመጀመሪያው ትምህርት ቤታችሁ ተከፍቷል። ስትመቱ ራሳችሁን አታወዛውዙ፤ ሁለቱም ዓይኖቻችሁ እኩል ወደ ኳሱ ይዩ። ኳሱን ለማግኘት አትቸኩሉ፤ ወደ እናንተ ይምጣና ከዓይናችሁ ሥር ምቱት። ለጀማሪ ሁሉ የምለው ይህን ነው፤ አብዛኛው የመምታት ስሕተት ከእጅ በፊት ከራስ መወዛወዝና ከችኮላ ይጀምራል።

ልምምድን የሚያከብድ ሌላም መንገድ አለ። በህንዷ ሙምባይ ሺቫጂ ፓርክ ራማካንት አችሬካር የሚባሉ አሠልጣኝ ነበሩ። በኋላ ታላቅ መቺ የሆነው ታዳጊ ሳቺን ቴንዱልካር ሲደክመው እንጨቶቹ ላይ አንዲት የአንድ ሩፒ ሳንቲም ያስቀምጡ ነበር። ሳቺንን ያስወጣ ወርዋሪ ሳንቲሟን ይወስዳል፤ ማንም ካላስወጣው የሳቺን ናት። ልጁ በዚህ መልክ 13 ሳንቲሞች አገኘ፤ በዓለም ታላላቅ ስታዲየሞች ከተጨበጨበለት በኋላም እንደ ውድ ሀብቱ ያያቸው ነበር። አችሬካር የተረዱት ይህን ነው፦ የሚያጡት ነገር በሌለበት ልምምድ ልብ አይመታም፤ ልብ ሳይመታ የተማሩት ደግሞ ልብ በሚመታበት ቀን ይጠፋል። እናም የልምምዳችሁን መጨረሻ ሁልጊዜ ግጥሚያ አድርጉት፦ 12 ኳስ ቀርቷል፣ 15 ራን ያስፈልጋል፣ የተሸነፈው ቡድን ዕቃውን ይሰበስባል።

ወርዋሪዎች፣ ፈጣን ከሆናችሁ ከመቺው እንጨት ከ6 እስከ 8 ሜትር ባለው ቦታ ላይ ጨርቅ አንጥፉ። ኳስ እዚያ ሲያርፍ መቺው ወደፊት ልውጣ ወይስ ወደኋላ ልቅር እያለ ያመነታል፤ መቺ የሚወጣውም ከዚያ ማመንታት የተነሳ ነው። መንደርደሪያችሁን በእርምጃ ለኩና ምልክት አድርጉበት። ጨርቁን ደጋግማችሁ መምታት ስትጀምሩ ጨርቁን እጠፉት፤ ዒላማው ይጥበብ። ፍጥነትን ከዚያ በኋላ ጨምሩ።

ሜዳ ጠባቂነት ብዙዎች የሚንቁት ሥራ ነው፤ ትልቅ ስሕተት ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ጆንቲ ሮድስ እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም ዋንጫ በብሪዝበን ኳሱን ይዞ ሮጦ ሰውነቱን አየር ላይ ወርውሮ እንጨቶቹን ሲያፈርስ፣ የፓኪስታኑ ኢንዛማም ኡል ሐቅ ገና ወደ ቦታው በመመለስ ላይ ነበር፤ ስለዚህ ወጣ። ወርዋሪው ሲንደረደር እናንተም ጥቂት እርምጃ ወደፊት ተራመዱ፤ የቆመ ሰው ለመነሳት ጊዜ ይፈጅበታል። ስትይዙ ደግሞ እጃችሁን ከኳሱ ጋር ወደኋላ መልሱ፣ የተወረወረላችሁ እንቁላል ይመስል።

የግጥሚያ ብልሃት ላይ ረዘም ላድርግ፤ ጨዋታ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ቴንዱልካር እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ሲድኒ ሲደርስ በዚያ የአውስትራሊያ ጉዞ ውጤት ርቆት ነበር፤ ከጎኑ ወጣ ብለው የሚሄዱ ኳሶችን ሲያሳድድ ይወጣ ነበር። ለዚያ የቴስት ግጥሚያ በጣም የሚታወቅበትን ምት፣ ከቀኙ ወጣ ያለውን ኳስ ወደፊት የሚነዳበትን ውብ ምት፣ ከጨዋታው አወጣው። አውስትራሊያውያን እያባበሉ ወረወሩለት፤ ተወው። 436 ኳስ ተጫውቶ፣ ማንም ሳያስወጣው 241 ራን ይዞ ወጣ። እኔ ከድንቅ ምቶቹ ሁሉ ይበልጥ ይህን እምቢታ አደንቃለሁ። ዛሬ የማይሠራላችሁን ምት ዛሬ ተዉት፤ ነገ መልሳችሁ ታነሱታላችሁ።

ያ የዩጋንዳ ግጥሚያም ሌላ ግማሽ አለው። ፓፑዋ ኒው ጊኒ በ77 ራን ብቻ ስትቆም የዩጋንዳ ሥራ ያለቀ መሰለ፤ ነገር ግን መቺዎቿ ገና በጅምሩ እየተከታተሉ ወጡ። ሪያዛት አሊ ሻህ ያኔ የመጣው ነገር ሁሉ ካልመታሁ አላለም። በ56 ኳስ 33 ራን አገባ። ሰው ሁሉ በሚቸኩልበት ቲ20 ይህ አዝጋሚ ነው፤ ለዚያ ቀን ግን ትክክለኛው ፍጥነት እሱ ነበር። ካፒቴኖች፣ የሚያስፈልገውን ራን በቀሩት ኳሶች አካፍሉና ቁጥሩን ለመቺዎቻችሁ ንገሩ። ቁጥሩን የማያውቅ መቺ ይደነግጣል፤ የሚያውቅ ግን አንዲት ራን፣ ሌላ አንዲት ራን እያለ ይጠጋል። ለሩጫም «ና»፣ «አይ»፣ «ቆይ» የሚሉ ሦስት ጥሪዎች ይኑሯችሁ፤ ጮክ ብላችሁ ጥሩ።

በኳስና በኳስ መካከል ያለችውን ትንሽ ጊዜም ተማሩባት። ሰዓታት ሙሉ አእምሮን መወጠር የሚችል ሰው የለም። የአንዱ ኳስ ጨዋታ ሲያበቃ ዓይናችሁን ወደ ሩቅ ላኩ፣ ተንፍሱ፤ ወርዋሪው መንደርደሪያው ላይ ሲቆም ተመለሱና እጁን ብቻ እዩ። ያለፈው ኳስ ቢያሳፍራችሁም አብሯችሁ አይቁም። ብራድማን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1948 በለንደን ኦቫል ለመጨረሻ ጊዜ ለመምታት ሲገባ አማካዩን 100 ለማድረስ 4 ራን ብቻ ነበር የጎደለው፤ በሁለተኛው ኳስ በዜሮ ወጣ። የዓለም ምርጡ መቺ መሆኑ ግን አልቀረም።

ክሪኬት እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ከታየ ወዲህ ከኦሎምፒክ ጠፍቶ ቆይቶ በ2028 በሎስ አንጀለስ ይመለሳል። ለመጀመር ግን እስከዚያ አትጠብቁ። ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የህንድና የፓኪስታን ባልደረቦቻችሁ በዕረፍት ቀናቸው ባዶ ሜዳ ላይ ሲጫወቱ አይታችሁ አልፋችኋል። በሚቀጥለው ሳምንት አትለፉ። ቀረብ በሉና «እኔንም አስገቡኝ» በሉ፤ መጀመሪያ ሜዳ ጠብቁ፣ ቀጥሎ ወርውሩ፣ መምቻው በተራው እጃችሁ ይገባል።