ከአሉሚኒየም ተበይዶ ስለሚሠራ የሞተር ጀልባ

በማጀታችን ድስት ሆኖ የምናውቀው አሉሚኒየም፥ በባሕር ላይ ደግሞ የሰው ሕይወት የሚሸከም ጀልባ ይሆናል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአላስካ የሚገኘው የብሪስቶል ባሕረ ሰላጤ ነው። በዚያ ቀይ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ በመረብ የሚያጠምዱ ሰዎች እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ድረስ በሞተር እንዳይሠሩ በሕግ ተከልክለው በሸራ ጀልባ ይሠሩ ነበር። የጀልባው ርዝመት ዛሬም ከ32 ጫማ፥ ማለት ከ9 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር፥ እንዳይበልጥ የተወሰነ ነው። ሠሪዎቹም ርዝመት ቢከለከሉ ወርድ ጨመሩ፤ ስለ ወርድ ሕጉ ዝም ብሏልና!

አሉሚኒየም ስለ ምን ተመረጠ? አንድ ሊትር የሚያህለው 2.7 ኪሎ ግራም ሲመዝን፥ ያንኑ የሚያህል ብረት 7.8 ይመዝናል። አየር ሲነካውም ስስ ሽፋን ስለሚያወጣ እንደ ብረት አይዝግም። ንጹሑ ግን ለስላሳ ስለሆነ፥ ከመቶ 4 ተኩል ያህል ማግኒዚየም የተቀላቀለበት፥ 5083 በሚባል ቁጥር የሚታወቀው ለጀልባ ይመረጣል።

ትልቁ ችግር ብየዳው ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ፥ ያ ስስ ሽፋን ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ሽፋኑ ሳይነሣ የተበየደ እንደሆነ፥ ላዩ የተያያዘ ይመስላል እንጂ ውስጡ አልተዋሐደም። ስለዚህ በያጁ ቅባቱን አጥቦ፥ ሌላ ብረት ነክቶ በማያውቅ የማይዝግ የሽቦ ብሩሽ ይፍቀዋል፤ ሲበይድም አርጎን የተባለው ጋዝ አየሩን ይከለክልለታል። እርጥበት ወይም ቅባት ከቀረ ግን ሃይድሮጅን ይገባና ብየዳው ሲቀዘቅዝ እንደ እንጀራ ዐይን ያወጣል። ዐይን ለእንጀራ ጌጡ ነው፤ ለጀልባ ግን ማዕበል ሲደበድበው ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

ደግሞም አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው የብረትን እጥፍ ያህል ስለሆነ፥ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ የበየደ ሰው ጀልባው ይጣመምበታል። ብልኅ ሠሪ አስቀድሞ የጀልባውን አጥንቶች ያቆማል፤ ዝርጉን አሉሚኒየም በነጥብ በነጥብ ይይዘዋል፤ ከዚያም ጥቂት በግራ፥ ጥቂት በቀኝ እያፈራረቀ ይበይዳል።

የሆዱ ቅርጽም ሊታሰብበት ይገባል። ጠፍጣፋ ሆድ በጥቂት ኀይል ይንሸራተታል፤ ማዕበል ሲመጣ ግን በጥፊ እንደ ተመታ ይንቀጠቀጣል። ሹል ሆድ ማዕበሉን ይሰነጥቃል፤ ሆኖም ብዙ ነዳጅ ይፈጃል፥ ጥልቅ ውሃም ይሻል። ብሪስቶል ደለልና ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚበዛበት ስለሆነ፥ በእኔ አስተያየት እዚያ በጣም የሾለ ሆድ አይበጅም።

ጀልባው አልቆ ወደ ጨው ውሃ ሲገባ፥ መዳብ የነካው አሉሚኒየም ይበላል። ስለዚህ መዳብ ያለበት ቀለም አይቀባም፤ ከሥሩም ዚንክ ይታሰርበታል። ዚንኩ በአሉሚኒየሙ ፈንታ እየተበላ ይሄዳል፥ ሲያልቅም በሌላ ይለወጣል።