የመስከረም የጓሮ ሥራ በካኩማ



ወላጆቻችሁን ብትጠይቁ፣ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ መስከረም ክረምቱ የሚወጣበት፣ ምድር ውሃ ጠግባ የምትታይበት፣ እሸት የሚበላበት ወር መሆኑን ይነግሯችኋል። እዚህ በቱርካና ግን ወሩ ያው ቢሆንም ሰማዩ ሌላ ነው። ዋናው ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በጥቅምትና በኅዳር የሚጥለውም ጥቂትና የማያስተማምን ነው። ስለዚህ የእኛ ጓሮ የሚለማው ከቤት በሚደፋ ውሃ ነው። ለዚህም የሚመቸው የጆንያ ጓሮ ነው።

ለምን እንደክማለን? ራሽን ብዙውን ጊዜ እህል፣ ጥራጥሬና ዘይት ነው። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ለሰውነት ቫይታሚን ኤ ይሰጣል። ይህ ያነሰው ሕፃን ዳፍንት ይይዘዋል፤ ሲመሽ ማየት ያቅተዋል፣ በሽታንም መቋቋም ይሳነዋል። አባቶች «ጎመን በጤና» ይላሉ። ለእኛ ጤናው ከጎመኑ ውስጥ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል

1. ችግኝ ማፍላት። በተሰበረ ሳፋ ላይ አፈርና የቆየ ፍግ ቀላቅላችሁ የጎመን ወይም የሱኩማ ዊኪ ዘር ዝሩ። ስስ አፈር አልብሱት፤ ጥላ ሥሩለት። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ አራት አምስት ቅጠል ያወጣል።

2. ጆንያ መሙላት። ችግኙ እስኪደርስ ሁለት እጅ አፈርና አንድ እጅ የቆየ የፍየል ፍግ ቀላቅሉ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ክዳኑና ቂጡ የተቆረጠ ጣሳ ከጆንያው መካከል አቁሙና ጠጠር ሙሉበት። ዙሪያውን አፈር ጨምሩ፤ ከዚያ ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡት። ጆንያው እስኪሞላ እንዲሁ ደጋግሙ። ውሃው በጠጠሩ በኩል እስከ ታች ይወርዳል።

3. መትከል። ፀሐይ ስትበርድ፣ በጆንያው ጎን በስንዝር ርቀት ቀዳዳ እያበጃችሁ ትከሉ። ከላይም ሦስት አራት ችግኝ ይበቃል።

4. ማጠጣት። አንድ ጆንያ በቀን 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ከዚያም በላይ። ሩዝ፣ ጥራጥሬና አትክልት የታጠበበትን ውሃ ጠዋትና ማታ በጠጠሩ ላይ አፍስሱ። ሳሙና የበዛበት አይሆንም። ለመጠጥ የተቀዳው አይነካ።

5. መጠበቅ። ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ እጠሩ። ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥር ይደበቃልና እየገለበጣችሁ አራግፉ። ጆንያውን በታራች ወንዝ ዳር አታቁሙ። ወንዙ ደርቆ ቢታይም ሩቅ አገር የዘነበ ዝናብ ድንገት ጎርፍ ያመጣል።

ስትቀጥፉ ከታች ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ውሰዱ፤ እንቡጡን ተዉት። ያን ጊዜ ለወራት ይመግባችኋል።

ከእናንተ መካከል «ነገ እንሄድ ይሆናል፤ ጓሮ ምን ይረባናል?» የሚል አይጠፋም። የመሄጃውን ቀን የሚነግራችሁ የለም። ጎመን ግን ከተዘራ በሁለት ወር ከግማሽ ገደማ ለድስት ይደርሳል። ብትሄዱም ጆንያው ለጎረቤት ይቀራል፣ ሙያው አብሯችሁ ይሄዳል።

መልመጃ
ሀ. በጆንያው መካከል ጠጠር ባይኖር ምን ይሆናል? ምክንያቱን ጻፉ።
ለ. በቤታችሁ በአንድ ቀን የሚደፋውን ውሃ በጣሳ ለኩ። ስንት ጆንያ ያጠጣል?
ሐ. እናታችሁን ወይም አባታችሁን በአገር ቤት በመስከረም በጓሮ ምን ይሠሩ እንደነበር ጠይቃችሁ አምስት መስመር ጻፉ።